ላልታመመች ልጅ የመጣ ጠበል

ኤሌኒ ስምንት ዓመቷ ነው። ቤቷ እዚሁ ቁስቋም ነው። እናቷ ወይዘሮ እታገኘሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራሉ። ታሪኩን ንገሪያቸው ያለችኝ ራሷ ኤሌኒ ናት፤ ስለዚህ «የትኛዋ ናት?» እያላችሁ አትንሾካሾኩ። እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ ሳቁ ይብቃ። ዛሬ ደክሞኛል፤ አታስጩኹኝ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ፒያሳ ያለ አንድ የልጆች ልብስ ሱቅ ለፋሲካ አዲስ ልብስ አስመጣ። ልብሱን ለብሰው ፎቶ የሚነሡ ልጆች ፈለገ። ፎቶው በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ሰው አይቶ ይገዛል። ሥራውን ሞዴልነት ይሉታል። ወይዘሮ እታገኘሁ ይህን ሰምተው ልጃቸውን ወሰዱ። ከልጅነቷ ከጀመረች ትልቅ ቦታ ትደርሳለች ብለው ነው እንጂ ክፋት አልነበራቸውም። እናት ልጇ አምራ ስትታይ ደስ ይላታል። የእናንተም እናቶች እንደዚያው ናቸው።

ኤሌኒም ደስ አላት። ለምን ደስ አይበላት? ቀይ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማ፣ የሚያብረቀርቅ የፀጉር ማስያዣ! ፎቶዋን በስልክ ሲያሳዩዋት ደጋግማ አየችው። ችግሩ ፎቶ አንሺው ወንዴ የሚመቸው እሑድ ጠዋት ብቻ መሆኑ ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ እኛ እዚህ ሰንበት ትምህርት ቤት ነን።

እንግዲህ ስሙ። ኤሌኒ ለእናቷ «መምህርቷ ፈቅዳልኛለች» አለች። ዓይናለም ለምትባለው ጓደኛዋ ደግሞ በእናቷ ስልክ ተደብቃ ደወለችና «አሞኛል፤ ለመምህርት ንገሪልኝ» አለቻት። ትምህርት ቤታቸው ስለሚለያይ ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይናለም አመነቻት። በሁለተኛው እሑድ ሕመሙ ትኩሳት ሆነ። በሦስተኛው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ ደውላ፣ «ከአልጋ መነሣት አቃተኝ» አለች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉትን ገና አልሰማችም ነበር።

ሥራውም እንደ መጀመሪያው ቀን አልሆነም። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ልብስ ትቀይራለች። የሰፋትን ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ይይዙላታል። ጫማው ይጠባታል። መብራቱ ዓይኗን ያስለቅሳታል። ወንዴ ፈገግ በይ፣ ቀና በይ፣ አሁንም አንዴ ይላታል፤ አንዴው ግን አያልቅም። በሁለተኛው እሑድ ማታ እናቷ ደክሟት እንደሆነ ጠየቋት። አልደከመኝም አለች። እናቷ ደስ ብሏቸው ስታይ እውነቱን መናገር አቃታት። ልጆች፣ ደክሞኛል ማለት ነውር አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አሁን ፊታችሁ ብዬው የለ?

በሦስተኛው እሑድ እኛ እዚህ ምን አደረግን? ከአልጋ መነሣት አቃታት ሲባል ደነገጥን። ለታመመ ሰው ሲጸለይ የክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። የኤሌኒ የክርስትና ስም ወለተሩፋኤል ነው። ሠላሳ ሁለት ልጆች ቆመው «ወለተሩፋኤልን ማርልን» አሉ፤ አቡነ ዘበሰማያትም ደገሙ። እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም።

ዓይናለምን ግን ጸሎቱ ብቻ አልበቃትም። በዚያው ቀን በማለዳ ወደ ጠበሉ ወርዳ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተሰልፋ፣ በትንሽ ሃይላንድ ጠበል ቀድታ ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ ኤሌኒ ቤት ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ደጁ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጓደኛዋ ጠበሉን ሳትጠጣ እህል አልቀምስም ብላ ነበርና ውኃ እንኳ አልጠጣችም።

ሰባት ሰዓት ላይ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ኤሌኒና እናቷ ወረዱ። ኤሌኒ ፊቷ ፓውደር ተቀብቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ እግሯን ትጎትታለች። ዓይናለም ስታያት እንባዋ መጣ።

«ከሐኪም ቤት መምጣትሽ ነው? ምነው እንዲህ ገረጣሽ፣ ኤሌኒዬ» አለቻት። «ይኸው ጠበል አምጥቼልሻለሁ። ሁላችንም ወለተሩፋኤል ብለን ጸልየንልሻል።»

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኤሌኒ አንዴ ራሷን ብትነቀንቅ ይበቃት ነበር። ፊቷ እንደሆነ የታመመ ሰው ፊት መስሏል። ጠበሉን ጠጥታ ተሻለኝ ብትል ማን ያውቅባታል? ዓይናለምም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ኤሌኒ ሃይላንዱን ተቀበለች፤ ክዳኑንም ከፈተች። ወደ አፏ ልታስጠጋው ስትል የዓይናለምን ከንፈር አየች። በጥም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጇ ቁልቁል ወረደ።

«አላመመኝም» አለች። «ውሸቴን ነው። ፎቶ ልነሣ ሄጄ ነው።»

 «ሦስቱንም እሑድ?» ብላ ዓይናለም ጠየቀቻት።

«ሦስቱንም።»

ዓይናለም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ዞር ብላም አላየችም። ኤሌኒ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷም አጠገቧ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሁለቱን ውሸት፣ ጫማውን፣ መብራቱን። በመጨረሻም «እማዬ፣ በጣም ደክሞኛል» አለች።

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ ሸጋ ልጄ» አሉ እናቷ። ቆይተው ደግሞ «እኔም ማየት ነበረብኝ» አሉ። ለወንዴም ደውለው በቃን አሉት።

በሚቀጥለው እሑድ ኤሌኒ እዚህ መጥታ በሠላሳ ሁለቱ ልጆች ፊት ቆመች። ይቅርታም ጠየቀች። ሌሎቹ ወዲያው ይቅር አሏት። ዓይናለምም በአፏ ይቅር ብያለሁ አለች፤ ልቧ ግን ገና ነበር። ራቅ ብላ ተቀመጠች። በቀጣዩም እሑድ እንደዚያው። ልጆች፣ የተሰበረ ነገር በአንድ ቀን አይጠገንም፤ ኤሌኒም ይህን አውቃ ዝም ብላ ጠበቀች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ዓይናለም ሳትጠራ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ፊቷን ትኩር ብላ አይታ «አሞሻል?» አለቻት።

«አላመመኝም፤ ደክሞኛል ብቻ» አለች ኤሌኒ።

ዓይናለምም አመነቻት።

ልጆቼ፣ ሲደክማችሁ ደክሞኛል በሉ እንጂ ከውሸት ጀርባ አትደበቁ፤ ውሸታችሁን አምኖ የሚጾምላችሁ ሰው አለና።