ለበረሃ የተሠራ

አጎቷ ሚክያስ ባትሪውን ለገበያ እንደቀረበ ሰንጋ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። «ይሄ ነው» አለ። «ከዚህ ሌላ ባትሪ አትበሉኝ።»

ጵርስቅላ ከሱቁ በር አጠገብ ቆማ ታየዋለች። አጎቷ ስለ መኪና የሚያውቀው ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚታየውን ያህል ነው። መሥሪያ ቤቱ መኪና ከነሾፌሩ ስለመደበለት፣ ኮፈን ከፍቶ የማያውቅ ሰው በዘመድ አዝማድ ዘንድ የመኪና ሊቅ ሆኖ ቀረ። ሰርግ ቤት ስለ ጎማ ያስተምራል፤ ለቅሶ ቤት ስለ ሞተር ዘይት። ሰውም ያዳምጠዋል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ነው የሚለበሰው፣ መሐል መሐል ላይ እንግሊዝኛ ጣል ያደርጋል። የሆሳዕና ሰው አንድን አዋቂ ለማመን ከዚህ ሌላ እንደማይጠይቅ ጵርስቅላ በአሥራ አምስት ዓመቷ ደርሳበታለች።

«ቆላ ለሚሠራ መኪና» ሲል ቀጠለ አጎቷ፣ «የሚያዋጣው ብራንድ ነው። ሮያል ሞንታ። እሱ ሙቀቱን ይበላዋል እንጂ ሙቀቱ አይበላውም።»

አባቷ አቶ ዋለ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ባትሪውን ያያል። እንዲህ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ሲናገር እሱ ያዳምጣል። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር አለው። ከሆሳዕና ተነስቶ በሀቢቾ በኩል ወደ ቆላው ገበያ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ያወጣል። ባለፈው ሳምንት ግን መኪናው እዚያ ታች፣ ድንጋይ በሚያቃጥል ፀሐይ መሐል አልነሳም አለ። ሙቀቱ የባትሪውን ውሃ ጨርሶት ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ፤ ቦታው አሸዋማ ዳገት ስለሆነ አልሆነም። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ነበረች። በስንት መከራ የጭነት አይሱዙ አግኝተው በቆሎ ጆንያ ላይ አስተኝተው ወደ ሆስፒታል አወጧት። ደግነቱ በሰላም ተገላገለች። አባቷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መጫን ፈርቷል። መኪናውን ግቢ አቁሞ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፣ መልሶ ይዘጋል።

ስለዚህ ለነሱ የዛሬው ባትሪ ቀልድ አልነበረም።

«ደግሞ ይሄን እዩልኝ» አለ አጎቷ፣ በባትሪው ግንባር ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ስቲከር በጣቱ እየመታ። ስቲከሩ ላይ ግመልና ፀሐይ ተስለዋል፤ ከሥራቸው ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። «ስፔሻል ፎር ዴዘርት ይላል። ለበረሃ የተሠራ ማለት ነው።»

ከባንኮኒው ጀርባ የሱቁ ባለቤት ጋሽ አቤሴሎም በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ከጎኑ ልጁ ኤልሳ ስልኳን ይዛ ቆማለች። ኤልሳ የጵርስቅላ የቅርብ ጓደኛ ናት፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ዛሬ ግን እንኳን ሰላም ልትላት ቀና ብላም አላየቻትም። ወዲያው የጵርስቅላ ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መልእክቱ የተላከው ከባንኮኒው ማዶ ነው። «ፕሪስ፣ ነገር እንዳታበላሺ። ፕሊስ።»

ነገሩን ሁለቱም ያውቁታል። ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት ኤልሳ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል ስቲከር አውጥታ አሳይታት ነበር። ከማተሚያ ቤት እንድትቀበል አባቷ ልኳት ነው። ጵርስቅላ ግመሉን አይታ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ኤልሳ እየሳቀች ዘረገፈችላት። ባትሪዎቹ እንደማንኛውም ባትሪ ናቸው፤ ከመጡም ሰንብተዋል፤ ለማሳያ ተብሎ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ነው የከረሙት። ግመሉ ሲለጠፍባቸው ግን ለቆላ ሾፌሮች በውድ ይሄዳሉ።

«ቢበላሽባቸውስ?» ብላ ጠየቀቻት ጵርስቅላ።

«አባዬ ሙቀቱ ነው ይላላ ባክሽ» አለች ኤልሳ። «ከቆላ ተመልሶ ማን ሊከራከር ነው? ፋራ ሁላ።»

በዚያች ሰዓት ጵርስቅላ የተናገረችው ስለ ፊደል ብቻ ነበር። በረሃ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ «ኤስ» መጻፍ ሲገባው ስቲከሩ ላይ በሁለት ተጽፏል፤ በሁለት ሲሆን ደግሞ ከምሳ በኋላ የሚበላ ጣፋጭ ማለት ነው። ኤልሳ ማን ያነበዋል አለች። ደወል ተደወለ፤ ወደ ክፍል ገቡ።

አሁን አጎቷ ያንኑ ጣፋጭ በወፍራም ድምፁ እያነበበ ነው።

ጵርስቅላ ለአባቷ በጆሮው ልትነግረው አሰበች። በአማርኛ ብትለው ይሰማባታል፤ በሀዲይኛ ብትለው ይብስ ይሰማባታል፤ ጋሽ አቤሴሎም የሚነግደውም የሚጸልየውም በሀዲይኛ ነው። እሁድ እሁድ እሱና አባቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ለተቸገረ መዋጮ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የሱ እጅ ነው። ያንን እጅ አሁን አየችው፤ የግመሉን ፊት በንጹሕ ጨርቅ እየወለወለ ነበር።

አባቷ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«አጎቴ» አለች። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ቀጠነባት። «ስቲከሩ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ታነብልኛለህ?»

አጎቷ ፈገግ አለ፤ መጠየቅ ነፍሱ ነው። ጮክ ብሎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቸው። ሁለተኛው «ኤስ» ላይ ሲደርስ ምላሱ ትንሽ ተያዘ።

«ሁለት ኤስ ከሆነ እኮ በረሃ አይደለም» አለች ጵርስቅላ። «ጣፋጭ ነው። ኬክ ምናምን።»

አጎቷን ሳል ያዘው። ሳሉን ሲጨርስ አሜሪካኖች እንደዚያ ነው የሚጽፉት አለ። ጋሽ አቤሴሎም ደግሞ በዚያው ቅጽበት ፋብሪካው ቻይና መሆኑን፣ ቻይናዎችም እንግሊዝኛ ላይ ደካማ መሆናቸውን ማስረዳት ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ሰዎች እየተያዩ ቆሙ፤ የአንዱ ሰበብ የሌላውን አፍርሶታል።

አባቷ ጎንበስ ብሎ የስቲከሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ አደረገው። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ ግመሉ ከነፀሐዩ ተላጦ ጣቱ ላይ ቀረ። ከሥሩ የፋብሪካው የራሱ ጽሑፍ ነበር። ስለ በረሃ የሚል አንዳች ነገር የለበትም። የተመረተበት ቀን ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ተፍቆ ነጭ ሆኗል።

አባቷ ቀና ብሎ ጋሽ አቤሴሎምን አየው። አሁን ይናገራል ብላ ጵርስቅላ ጠበቀች።

«ተባረክ ወንድሜ» አለ አባቷ። «እንመለሳለን።»

«እንመለሳለን» ብሎ የተመለሰ ገዢ የለም፤ ይሄን ሻጭም ገዢም ያውቀዋል። ቢሆንም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ስለ ቤተሰብ ደኅንነት ተጠያየቁ። አጎቷ ነገሩን ላለሳልስ ብሎ እዚያው ቀረ። ጵርስቅላ ከኤልሳ በኩል ሌላ መልእክት ቢመጣ ብላ ስልኳን አየች። የለም።

አባትና ልጅ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። ሻጯ ገዢ በመምጣቱ የተናደደች ትመስላለች። ማስቲካዋን እያኘከች ከጓዳው ጨለማ አንድ ባትሪ ጎትታ አወጣች፤ ስሙ ለአፍ የማይመች፣ ማንም ሰርግ ቤት የማያወራለት ብራንድ ነው። አባቷ መቼ የተመረተ እንደሆነና ቢበላሽ ምን እንደምታደርግለት ብቻ ጠየቃት። ቀኑ ጎኑ ላይ ታትሟል፤ የዚህ ዓመት ነው። የመሞከሪያ መሣሪያውን ሰክታ ቁጥሩን አሳየችው፤ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከተበላሸ እንደምትቀይርለት የሚገልጽ ባለማኅተም ወረቀት ሰጠችው። ለበረሃ ይሆናል ወይ ሲላት፣ ውሃው እየታየ ካልተሞላለት ለደጋም አይሆን ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ጵርስቅላ ሴትዮዋን ልትወዳት ሞከረች፤ አልቻለችም። ባትሪውን ግን ወደደችው።

ባትሪውን ወደ ቤት ወስደው መኪናው ላይ ካሰሩት በኋላ አባቷ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ። አባቷ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ልጁ ዞሮ ሳቀ። ካየችው የሰነበተ ሳቅ ነበር።

አጎቷን ሊወስዱ ወደ ጋሽ አቤሴሎም ሱቅ ሲመለሱ አንድ ፒካፕ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ቀጭን ሰው ነው። አባቷ መኪናውን ከመንገዱ ማዶ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። አጎቷ አንዴ ቆዩ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣቸው። ሥራ ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ አዲስ ግመል የተለጠፈበት ባትሪ አለ፤ እየመታ ያስረዳል። ድምፁ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

ሾፌሩ ከሙዱላ ታች ቆላው ውስጥ እንደሚሠራ፣ ሙቀቱ ባትሪ እንደሚጨርስበት ይናገራል። አጎቷም ክንዱን ይዞ ወደ ላንድክሩዘሩ ጠቆመው።

«ያ ወንድሜ ነው» አለው። «አሁን ይሄንኑ ገዝቶ ሲያስገጥም ነበር።»

ጵርስቅላ አባቷን አየችው። ሰምቷል። ጆሮው ቀልቷል።

«አባዬ፣ ንገረው እንጂ።»

«እኛ የኛን ገዝተናል፣ ልጄ» አለ፣ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ። «እሱ ታላቄ ነው። አቤሴሎምንም እሁድ ጎኔ ነው የማገኘው። በሰው ባትሪ እኔ ምን አገባኝ።»

አጎቷን መናቅ ለጵርስቅላ የቆየ ልማድ ነው፤ አያደክማትም። ኤልሳን ከሐሙስ ጀምሮ ንቃታለች፤ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ስለ ፊደል ብቻ አውርታ ወደ ክፍል የገባችውን ልጅ፣ ራሷን ማለት ነው፣ ከኤልሳ እኩል ንቃታለች። አባቷ ግን ከነዚህ ሰዎች መሐል አልነበረም። አሁን እሱም በዝግታ ወደነሱ ሲሄድባት ታያት፤ ፈራች። ከመንገዱ ማዶ ሾፌሩ ኪሱን መዳበስ ጀምሯል።

በመሪው ሥር እጇን ሰዳ የኮፈኑን መክፈቻ ሳበችው። ኮፈኑ ጧ ብሎ ተለቀቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ምንም አትናገር» አለችው። «ባትሪያችንን ነው የማሳየው።»

ወርዳ ኮፈኑን አነሳችና መንገዱን ተሻገረች። ኤልሳ ሱቁ በር ላይ ወጥታ ራሷን ቀስ እያደረገች በእምቢታ ትወዘውዛለች። ጵርስቅላ አየቻት፤ አልቆመችም። አጎቷ ሊያስተዋውቃት አፉን ሲከፍት ወደ ሾፌሩ ዞራ ነበር።

«ጋሼ፣ የባለ ላንድክሩዘሩ ልጅ ነኝ» አለችው። «እኛ የገዛነው ይሄን አይደለም። ይምጡና ይዩት።»

ሾፌሩ አጎቷን አየ። እሷን አየ። ከዚያ ብሩን መልሶ ኪሱ ከተተና ወደተነሳው ኮፈን መራመድ ጀመረ። ጵርስቅላ ከሱቁ በር ፊት ቆማ ቀረች። ከኋላዋ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አባቷ የላንድክሩዘሩን በር ከፍቶ ሲወርድ ሰማች።