ገብስማዋና ጋሽ ስዩም

«ይቺ ዶሮ ታስገድለኛለች» አለ ጋሽ ስዩም፣ ከጎታው ጀርባ አንገቱን አስግጎ። «አንድ ቀን ታስካካና ታጣቂዎቹን እላዬ ላይ ትጠራቸዋለች። እረዷትና እንገላገል።»

ሀስና ጥሬውን በእፍኟ እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። ገብስማዋ ዶሮ በተሰበረው ገንቦ ውስጥ እንቁላሎቿን ታቅፋ ጭድ ላይ ዝም ብላለች። በዚህች ጠባብ ጓዳ ውስጥ የሚያንኮራፋው፣ የሚያስነጥሰው፣ ወገቤን እያለ የሚያቃስተው ሌላ ነው።

«የታቀፈች ዶሮ አታስካካም፣ ጋሽ ስዩም» አለች። «አንቱ ብቻ አያስሉ።»

በአፏ አንቱ ትለዋለች። በሆዷ ግን አንተ ካለችው ሰንብታለች።

ጋሽ ስዩም ወልድያ ላይ የመኪና ዕቃ መሸጫ አለው። የሀስና አባት አብዱልሐሊም ለገበያ ወልድያ በሄደ ቁጥር የሚያድረው እሱ ቤት ነው። ከተማው ተጨንቆ ሰው ሁሉ ጓዙን አንጠልጥሎ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ ጋሽ ስዩም ሱቁ በር ላይ ወንበር ዘርግቶ «ወልድያን ማን ይነካታል?» ይል ነበር አሉ። የተነካች ለት አንድ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ተፈተለከ። መርሳ ሲቃረብ እግሩ አብጦ እነሀስና ቤት ቀረ። አባቷ ከብቶቹን ይዞ ወደ ቆላ ወርዷል። ታጣቂዎቹ ወንድ ካገኙ ይወስዳሉ ሲባል ጋሽ ስዩም ጓዳ ገባ፤ በዚያው አልወጣም።

«ደግሞ እኔ ልብላት አላልኩም» አለ አሁን። «እርዱም የእስላም ነው፣ ጾምም ላይ ነኝ። እናንተ ብሏት።»

ይህም ቸርነት መሆኑ ነው። እርግጥ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ወተት አምጥተውለት አልቀመሰም። ሀስና የምታከብርለት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

ዶሮዋን አቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ቀን ቀን አንድ ጊዜ ታወጣታለች። ገብስማዋ ጥሬ ትለቅማለች፣ ከጣሳዋ ውሃ ትጠጣለች፣ የሚከረፋ ኩሷን ትጥላለች፤ ከዚያ እንቁላሎቹ ሳይቀዘቅዙ ትመለሳለች። ሌሎቹን ዶሮዎች ታጣቂዎቹ በልተው ጨርሰዋል። በየዓመቱ የሀስናን ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዙት ዶሮዎቹ ነበሩ። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ስምንተኛ ክፍል የምትገባው እነዚህ እንቁላሎች ከተፈለፈሉ ነው። ቤት ለቀረች ሴት ልጅ ደግሞ ባል ይፈለግላታል።

እናቷ ረሂማ ጭዱ ሥር የዛገ ምስማር ሸጉጣለች። ሰማዩ ሲያጓራ እንቁላል እንዳይሞት ነው ይባላል። በክረምቱ ነጎድጓድ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲጨመርበት እሷም ሁለተኛ ምስማር ጨመረች። ሀስና ስቃባት ነበር።

«እማ፣ ምስማሩ መድፍና መብረቅን በምን ይለያል?»

«ዝም በይ። ብረት ብረትን ያውቃል።»

አሁን ረሂማ ደጃፍ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሀስና ዶሮዋን መልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዛሬም እረዷት አለ። እሱ ፈሪ።»

«ፈሪ ለናቱ ነው፣ ልጄ፤ ይፍራ። አባትሽ ስንት ገበያ እሱ አልጋ ላይ አድሯል።»

ሀስና ልትመልስ አፏን ስትከፍት አንድ ታጣቂ አጥሩን አልፎ ገባ። ከእሷ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ጠመንጃው ከብዶታል።

«ወንድ አለ?»

«ከብት ይዞ ወርዷል» አለች ረሂማ።

በዚያች ቅጽበት ከጓዳው የታፈነ ሳል ተሰማ። ባቄላው ከረሂማ እጅ ረገፈ። ልጁ ጠመንጃውን ወደ ጓዳው በር አዞረ።

«ዶሮ ናት» አለች ሀስና። «የታቀፈች ዶሮ ሰው ስትሰማ ታጉረመርማለች።»

«ዶሮ?» የልጁ ፊት በራ። ወደ በሩ ተራመደ።

«አትግባ፤ ኩሷ ይከረፋል። እኔ ላውጣት።»

ልጁ አፍንጫውን ይዞ ቆመ።

ጓዳው ውስጥ ጋሽ ስዩም ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ያያታል። ገብስማዋም ታያታለች። ሀስና ከሁለቱ የትኛውን ብትሰጥ ደስ እንደሚላት በደንብ አወቀች፤ አላፈረችበትም። ግን አባቷ እሱ ቤት ነበር የሚያድረው። እንዲህ ያለ ሰው እዳ ሆነባት። ዶሮዋን አነሳቻት። ገብስማዋ እጇን እስኪደማ ነቆረቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸችውም በሩ ጋ ነው። ልጁ በእግሯ ዘቅዝቆ ይዟት ሄደ።

ስትመለስ ጋሽ ስዩም ጋቢውን ከአፉ አውጥቷል።

«አቧራው ነው ያሳለኝ» አለ። «አይዞሽ፣ ሰላም ሲሆን የፈረንጅ ዶሮ በሳጥን ሙሉ አመጣልሻለሁ።»

ሀስና ቁጢጥ ብላ እጇን ጭዱ ውስጥ ከተተች። እንቁላሎቹ ትኩስ ናቸው። አንዱን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ከውስጥ ጫር ጫር የሚል ድምፅ አለ። ቀርቧቸዋል፤ አሁን የሚፈልጉት ሙቀትና የማይነቃነቅ ገላ ብቻ ነው። ቀና ብላ የጋሽ ስዩምን ሆድ አየች።

«በጎንዎ ይተኙ።»

«እኔ?»

«ሌላ ሥራ አለዎት?»

ሰውዬው ተኛ። እንቁላሎቹን ከነጭዱ አንድ በአንድ ሆዱ ሥር ደረደረችና ጋቢውን አለበሰችው። ጾም ላይ ስለሆነ እንደማይበላቸው እርግጠኛ ናት።

«እስከ መቼ?» አለ በሹክሹክታ።

«እስኪፈለፈሉ። በቀን አንድ ጊዜ አወጣዎታለሁ፤ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጸዳዳሉ፣ ይመለሳሉ።»

«ባስለኝስ?»

«ገብስማዋ አስሏት አያውቅም።»

ያኔ ከተራራው ማዶ ከባድ መሣሪያ አጓራ። ጋሽ ስዩም ሁልጊዜ እንዲህ ሲሰማ ዘሎ ጎታው ሥር ነው የሚገባው። አሁንም ትከሻው ዘለለ። ከሆዱ በታች ግን አልተነቃነቀም፤ መዳፉን በእንቁላሎቹ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሀስና ትንሽ አየችው። ከባዶው ገንቦ ሁለቱን ምስማሮች አወጣችና ጋቢው ሥር ሸጎጠቻቸው።

ከዚያ ውሃ ልታመጣለት ወጣች። የገብስማዋ ጣሳ ጓሮ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ጥሬ ተጣብቋል። እንዲሁ ልትሞላው ከእንስራው ሥር ደቀነችው። ጥቂት ቆማ አሰበችና አንዴ አለቀለቀችው።