መዝገብ ላይ የሌሉ ሠራተኞች

ሰባት ዓመት ሙሉ ንብ አናቢውን አኩርፋዋለች። «ነገ መጥቼ ወንድምሽን አነጋግራለሁ፤ እንጋባለን» ብሏት ሳይመጣ ቀረ። እሷ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ወንበር ደርድራ፣ እስኪመሽ በር በሩን ስታይ ዋለች። ከዚያ ወዲህ በአንድ የብርቱካን እርሻ እየሠሩ ቃል አልተነፈሰችለትም። የምትፈልገው ነገር ሲኖር በእርሻው ጸሐፊ በኩል ታስነግረዋለች። አንድ ጊዜማ ንብ ከንፈሯን ነድፋት፣ ጸሐፊዋ ዕረፍት ላይ ስለነበረች፣ አፏ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ዋለ እንጂ ማስታገሻ አልጠየቀችውም። ግትሯ ያሏት በከንቱ አይደለም።

እሱም ከሩቅ ያያታል። ቀና ስትል ቀፎው ላይ ያጎነብሳል።

በዚህ ዓመት የእርሻው ማኅበር ሰብሳቢ አድርጎ መረጣት። የአርባ አባወራ ጉሮሮ እጇ ላይ ወደቀ። ወር ሳይሞላት ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን አረንጓዴ ተባይ ለጋውን ቅጠል ወረረው። ቅጠሉ ተጨማደደ፤ ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። ሰው ሲጠራት እንኳ ትደነግጥ ጀመር።

አንድ ጠዋት በክሽክሹ መሃል አዞ የመሰሉ ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ እሾሃም ትሎች አየች። ይሄ ደግሞ ሌላ መዓት ነው ብላ ሴቶቹን ሰበሰበችና እየለቀሙ እንዲጨፈልቁ አዘዘች። ስለ ነፍሳት ከንብ አናቢው የተሻለ የሚያውቅ እርሻው ውስጥ አልነበረም። ግን ጸሐፊዋ ገና አልገባችም፤ እሱን ለመጠየቅ ራሷ ማናገር ሊኖርባት ነው።

ሁለት መስመር ጨርሰው ሦስተኛውን እንደጀመሩ እየሮጠ መጣ። ጸሐፊዋን አልጠበቀም።

«አስቁሚያቸው» አላት። መዳፉ ላይ አንዷን ትል ይዟል። «ይቺ የዚያች ቀይ፣ ነጠብጣብ ያለባት ጥንዚዛ ልጅ ናት። ክሽክሹን የምትበላልሽ እሷ ናት።»

ጣቶቿን አየች። ጠቁረዋል።

«ስንት ገደልኩ?» አለችው። በሰባት ዓመት የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ሆነ።

«ብዙ። መድኃኒት ካልረጨሽባቸው የቀሩት ይበቃሉ። አሥር ቀን ስጫቸው። ማኅበር እመራለሁ ካልሽ ሠራተኞችሽን እወቂ፤ ግማሾቹ እኮ መዝገብ ላይ የሉም።»

«አንተን አምኖ መጠበቅን አንዴ አይቼዋለሁ።»

ትሏን ቀስ አድርጎ ቅጠል ላይ መለሳት።

«መጥቼ ነበር» አለ። «እስከ በሩ ድረስ። ወንድምሽ ቤት ውስጥ ሲቆጣ ሰማሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እፍረቱ ከፍርሃቱ ባሰብኝ።»

በጥፊ ልትለው ፈለገች። ልታለቅስም ፈለገች።

«እኔስ ስፈራ ወዴት ልሽሽ?» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ሠላሳ ቅጠል እየገለበጡ ይቆጥሩ ጀመር፤ እሷ ክሽክሹን፣ እሱ ጥንዚዛውን። ከቁጥር ሌላ ወሬ የላቸውም። በአራተኛው ቀን ፀጉርሽ ላይ ቅጠል አለ ቢላት፣ ያንንም ቁጠረው አለችው። ሳቁ ሲያመልጠው ፊቷን አዞረች፤ እሷም ፈገግ ብላ ነበር። ክሽክሹ ግን አልቀነሰም።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ፣ ቆጠራው ሳይጀመር፣ ሁለቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ሳሉ፣ ወንድሟ አባላቱን አስከትሎ የዕቃ ቤቱን በር ሞላው።

«እታለም፣ የመድኃኒቱን ክፍል ቁልፍ አምጪ። በጥንዚዛ ተስፋ አርባ ቤት አይራብም።»

የሚያስፈራው ወንድሟ ልክ ሊሆን መቻሉ ነው። ወደ ንብ አናቢው ሰረቅ አድርጋ ተመለከተች። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከኋላው ያለው የጓሮ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዓይኗን ጨፍና የእግሩን ኮቴ ጠበቀች።

ኮቴው ወደ እሷ መጣ። አጠገቧ ቆመ። የያዘው የቆጠራ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማታል።

«ጋሼ» አለ፣ «ጠብቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ጥፋት ቢመጣ እኔን ጠይቁ።»

«በእህትና በወንድም መሃል የምትገባ አንተ ማነህ?»

ግትሯ ቁልፉን ብብቷ ስር ወሸቀችው።

«የማገባው ሰው ነው፣ ወንድም ጋሼ። ከሰባት ዓመት በፊት ሊነግርህ መጥቶ ፈርቶህ ተመለሰ። እኔም በኩርፊያዬ ሳልጠይቀው ሁለት መስመር ሙሉ ጥንዚዛ ፈጀሁ። ከእንግዲህ አላኮርፍም። መድኃኒቱ ሦስት ቀን ይቆያል።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን አፈነች። ወንድሟ ከበሩ ፈቀቅ አለ። እሷ የንብ አናቢውን እጅ ያዘችና በመሃላቸው አልፋ ወደ ዛፎቹ ወጣች።

የመጀመሪያውን ቅጠል ገለበጠች። ትናንት አርባ ክሽክሽ ነበረበት፤ ዛሬ ዘጠኝ። ሁለተኛው ላይ ስድስት። ከዛፉ ስር ቁጭ አለች።

«እውነትሽን ነው?» አላት፣ ስለ ቅጠሉ እንዳልሆነ ድምፁ ያስታውቃል።

«ሃያ ስምንት ቅጠል ይቀራል፤ ቁጠር» አለችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።