ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ሰባት

«ከሁለት ላይ ሰባት አይነሳም እኮ፣ እትዬ» አለች ትንሿ ፍሬህይወት፣ ሰሌዳው ፊት ቆማ ጠመኔውን እያሻሸች።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለቻት አገኘሁሽ።

አገኘሁሽ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሁለተኛ ክፍሉ የሒሳብ አስተማሪ የወረታን ከተማ ለቆ ከሄደ ወዲህ፣ በሒሳብ የደከሙትን ሕፃናት ከሰዓት በኋላ እንድታስጠና ቲቸር አምሳል አደራ ሰጥተዋታል። ሲጀመር አሥራ አንድ ነበሩ። አሁን አራት ብቻ ቀርተዋል።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቃል ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ትዕዛዙ የሚባል ልጅ የሦስትን ብዜት አንድም ሳይስት ቢወርድላት፣ ደስታዋ አምልጧት «አቤት ጭንቅላት! ጎበዝ!» አለችው። በማግስቱ ልጁን ወባ ጣለው። በጥቅምት ፎገራ ሜዳ ላይ ወባ የማያንኳኳው ቤት የለም፤ ጤና ጣቢያውም መርምሮ ወባ ነው ብሏል። ግን የአገኘሁሽ እናት ሸክላ ሠሪ ናት፤ የሸክላ ሠሪ ዓይን ልጅ ይበላል የሚል ክፉ ወሬ ደግሞ ከሰው አፍ አልወጣም። «አደነቀችው፣ በላችው!» ተባለ። ትዕዛዙን ትኩሳቱ በአራት ቀን ለቀቀው፤ እሷን ግን ወሬው አልለቀቃትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቲቸር አምሳልም ጠርተው «አስተምሪያቸው፣ ብቻ አታድንቂ» አሏት። ያዘኑላት መስሏቸው ነበር፤ እሷን ግን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይኸው ነው። በሳምንቱ «ልክ ነው» በማለቷ ብቻ ሌሎች ሁለት ልጆች መምጣት ተዉ። ከዚያ በኋላ ልጅ ሲመልስ «እሺ» ከማለት በቀር አትተነፍስም።

ፍሬህይወት ለመቁጠሪያ አሥር አሥር ከታሰሩት ሦስት የሩዝ ገለባ እስሮች አንዱን ፈታች። አሥሩን ገለባ ካልታሰሩት ሁለት ገለባዎች ጋር ቀላቅላ ሰባት አነሳች። ከቀሩት እስሮችም አንዱን አነሳች። ወር ሙሉ ከሰባት ላይ ሁለት እየቀነሰች «ሃያ አምስት» ስትል የከረመች ልጅ፣ ዛሬ 15 ብላ ጻፈች።

ዞር ብላ አገኘሁሽን አየቻት። በሩ ላይ የፍሬህይወት እናት ወይዘሮ ገላነሽ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ትዕዛዙ ከታመመ ወዲህ ልጃቸውን ሳይጠብቁ ውለው አያውቁም።

«እሺ» አለች አገኘሁሽ፣ መሬት መሬት እያየች።

የሕፃኗ ፊት ጭልም አለ። በመዳፏ 15ቱን አጠፋችና 25 ጻፈች።

«ፍሬ! ለምን አጠፋሽው?»

«የተሳሳትኩ መስሎኝ። ምንም አላልሽኝማ።»

አገኘሁሽ አፈረች። የፈራችው ለልጅቷ ሳይሆን ለራሷ ነበር።

ወይዘሮ ገላነሽ አንድ እርምጃ ገባ አሉ። «ልጄን አደራሽን» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«የመጀመሪያው ነው ልኩ፤ አሥራ አምስት» አለች አገኘሁሽ፣ ልጅቷን ዓይን ለዓይን እያየች። «ጎበዝ ነሽ፣ ፍሬ። በጣም ጎበዝ!»

የፍሬህይወት ጥርስ ፍልቅ ሳይል እናቷ እጇን ለቀም አድርገው እየጎተቱ ወሰዷት። በመስኮቱ ሲያልፉ እናትየው እያማተቡ ነበር።

የቀሩት ሦስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው አገኘሁሽን ያዩዋታል፤ ነገ ከእነሱም ማን እንደሚመጣ አታውቅም። ሰሌዳውን አጥፍታ ሌላ ጥያቄ ጻፈች።

«ይርዳው፣ ተነስ» አለች ከሦስቱ አንዱን። «ልክ ከሆንክ እነግርሃለሁ።»