በሩን ማን ያዘው?

ችፍ ኡዞቹኩ የሞተው በገዛ ቤቱ ነው፤ ያውም የቀለሙ ሽታ ገና ባልለቀቀው አዲስ ቤት። በኤኑጉ ከተማ ሲሚንቶ ነግዶ የከበረ፣ «ችፍ» የሚባል የአለቃ ማዕረግ የተሰጠው፣ የመጨረሻውን ቃል እሱ ካልተናገረ እህል የማይወርድለት ሰው ነበር። አሁን ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ተጋድሟል። የጣቶቹ ቆዳ ተላልጧል፤ ከንፈሩ ያለልማዱ ቀልቷል። ሐኪሙ «የገደለው የጄኔሬተር ጭስ ነው» ብሎ ሄዷል።

ኢንስፔክተር ኦዚዮማ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። አጭርና ደልደል ያለች፣ ዝግ ቦታ የማትወድ ሴት ናት፤ አምስተኛ ፎቅ ቢሆን እንኳ በደረጃ እንጂ በሊፍት አትወጣም። ይህ ቤት ደግሞ ገና ከበሩ ጀምሮ ትንፋሽ አሳጥሯታል። መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ፣ አጥሩ እሾሃማ ሽቦ። በዚያ ሰፈር ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የሚሠራ ቤት ባለቤቱንም አያስወጣም፤ ይህ ግን ማንንም አይገርመውም።

«ነገሩ አልቋል ማዳም» አለ ሳጅን ባሴይ። በካቴና ያሰረውን ወጣት ወደፊት ገፋ አደረገው። «ኮሲሶ ይባላል፣ የሚስቲቱ ወንድም ነው። በሩንም መብራቱንም በስልክ የሚያዝ ገመድ አልባ መሣሪያ ያስገባው እሱ ነው። ሰውየውን በስልኩ ቆለፈበት፣ ጭሱ ገደለው።»

«ጭሱንም በስልኩ ነው የላከው?»



የሟች ሚስት ንኪሩ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ሳይቀበር የባሏ ዘመዶች ሰው ልከውባታል። ወንድምሽን ይዘሽ ከቤታችን ውጪ፣ ቀብሩ ላይ እንዳናይሽ ብለዋታል። ወንድሟ ወህኒ፣ እሷ ደግሞ ባሏን የገደለች ተብላ ጎዳና፤ ከፊቷ ያለው ይኸው ነው።

ኦዚዮማ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ሳትቸኩዪ ንገሪኝ እህቴ።»

«ምሳ በላን። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ በራሱ ተነሣ። እሱ እንደ ልማዱ የትግል ግጥሚያ ሊያይ ፊልም ማያ ክፍሉ ገባ። እኔና ኮሲሶ ሳሎን ነበርን። ሲቆይብኝ ሄጄ አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ኮሲሶ በስልኩ ከፈተው። ቁልፉ ጮኸ፣ አረንጓዴ በራ። በሩ ግን ንቅንቅ አልልም አለ።»

«ከዚያስ?»

«የባሌ ወንድም አሪንዜ ከጄኔሬተሩ ቤት መጣ። ሦስታችንም ገፋን፣ ምንም። አሪንዜ "መብራት መጥቷል፣ ጄኔሬተሩን ላጥፋና ልመለስ" ብሎ ሄደ። እኔ እንደገና ስገፋ በሩ ተበርግዶ በግንባሬ ተደፍቼ ወደ ውስጥ ወደቅሁ። ስልካችንን አብርተን ጎትተን አወጣነው። አልዳነልኝም እንጂ።»

«ያን ሰዓት የሰፈሩ ልጆች ጮኹ?»

ንኪሩ ግራ ገባት። «የምን ጩኸት?»

«መብራት ሲመጣ በደስታ የሚጮሁትን ነዋ።»

ሴትየዋ አሰበች። «አይ፣ አልሰማሁም።»

አሪንዜ ከጓሮ በኩል በረንዳው ላይ ቆሟል። ረጅም፣ እጁ የሻከረ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ቤቱ ሲሠራ ሽቦውን የዘረጋው እሱ ነበር።

«ቤት ለሚሠራ ሰው ሽቦ ነው የሚያዋጣው» አላት። «ግድግዳው ሳይለሰን ቱቦ ይቀበራል፣ ሽቦ ይሳባል፣ ከዚያ ይለሰናል። የልጅ ልጅ ይገለገልበታል። ይሄ በአየር የሚሄደው ግን የጎረቤት ዋይፋይ ሲነካው ይደነብራል። ነግሬው ነበር።»

«እሱ ግን አየሩን መረጠ።»

«መረጠ። ሽቦዬን ከግድግዳው ጎትቼ እንዳወጣ አደረገኝ፣ በተለማማጆቼ ፊት። ቱቦው ሁሉ ባዶውን ቀረ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ይደረጋል፣ ታላቅ ነው። ደግሞ ጉዱን አዩት፤ የኮሲሶ ቁልፍ ነክሶ ያዘው።»

ኦዚዮማ አመስግናው ወደ ፊልም ማያው ክፍል ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። መስኮት የለውም። ግድግዳው ድምፅ እንዳያወጣ በወፍራም ስፖንጅ ተለብዷል። ገብታ ካልጨረሰችው ደግሞ ያ ልጅ ወህኒ መውረዱ ነው። ላቧን ጠርጋ ገባች።

መጀመሪያ ቁልፉን አየችው። ከውስጥ በኩል በእጅ የሚዞር ጉጥ አለው። አዞረችው፤ መሸጎሪያው ያለ ስልክ፣ ያለ መብራት፣ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላ ሸርተት ብሎ ገባ። እጀታውን ስታይ ደግሞ ተጣሟል። ሰውየው በሩን ወደ ውስጥ ሲስብ፣ ሲስብ ብረቱን አጥፎታል። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ተንበረከከች። የድሮው ሽቦ መውጫ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ተገጥሟል። የክዳኑ ጠርዝ ዙሪያውን ጥላሸት ለብሷል።

ባሴይን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። «እርግጠኛ ነዎት ማዳም?» አለ። «አይደለሁም። አንተ ግን ያልኩህን አድርግ» አለችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ንኪሩን፣ ኮሲሶንና አሪንዜን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባሴይ ውጭ ቀረ። ኦዚዮማ በገዛ እጇ በሩን ዘጋችው። ወዲያው ከግድግዳው ጀርባ ጄኔሬተሩ አጉረመረመ።

«እዚህ ለምን አስገባሽን?» አለ አሪንዜ፣ አንቱታውን ትቶ።

«አጭር ነገር ነው። ሰው ሁሉ ሰውየውን የያዘው የኮሲሶ ቁልፍ ነው ይላል። ቁልፉ ግን ከውስጥ በእጅ ይከፈታል። ችፍ ከፍቶታል፤ ባይከፍተውማ እጀታውን እስኪያጣምም ባልሳበ። ኮሲሶ፣ ክፈተው።»

ካቴና ባለበት እጁ ስልኩን ነካ። ቁልፉ ጮኸ፣ አረንጓዴ በራ። ኦዚዮማ እጀታውን ይዛ ሳበች። በሩ አልተነቃነቀም። ንኪሩ መጥታ አገዘቻት፤ ሁለት ሴቶች እግራቸውን አንፈራጠው ሳቡ፤ ምንም።

«እንግዲህ ቁልፉ ክፍት ነው» አለች ኦዚዮማ እያለከለከች። «በሩን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ንኪሩ፣ በሩ መቼ ነበር የለቀቀው?»

«አሪንዜ ሊያጠፋ ከሄደ በኋላ።»

«ኮሲሶ ሲከፍት አልለቀቀም፤ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ለቀቀ። መብራት ሲያገኝ የሚይዝ፣ ሲያጣ የሚለቅ በር ምን ይባላል አሪንዜ?»

አሪንዜ ጥግ ይዞ ቆሟል። ዓይኑ እሷ ላይ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያው ጀርባ ነው።

«ባለ ማግኔት ነው» አለ ኮሲሶ ቀስ ብሎ። «ባለ ሽቦ። የኔ በባትሪ ነው የሚሠራው።»

«ሽቦዬን ሁሉ ከግድግዳው አወጣሁ አልከኝ አሪንዜ። አንዱን ትተሃል። በሩ ደጃፍ ላይ፣ ልስኑና እንጨቱ ሥር። ከጄኔሬተሩ ነው የሚበላው። ጭሱስ? ባዶ የቀሩት ቱቦዎች ከጄኔሬተሩ ቤት እዚህ ድረስ ይመጣሉ። የአንዱን አፍ የጭስ ማስወጫው ማርሚታ ላይ ብትገጥም…»

«አጥፋው በዪው» አለ አሪንዜ። ድምፁ ተሰብሯል። «ጄኔሬተሩን አጥፉት። ሁላችንም እናልቃለን።»

«መብራት መጥቷል እኮ ብለህ ነበር ያን ጊዜ። መብራት ቢመጣ ሰፈሩ በጩኸት ይደባለቅ ነበር። ማንም አልጮኸም። ያጠፋኸው በሩ እንዲለቅ ነው። ክፍሉም ጨለመ፤ ሰውየውን በስልክ መብራት ነው ያወጡት። እዚህ ከተማ መብራት መጥቶ በጨለማ ሬሳ የሚጎትት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አሪንዜ ሮጦ በሩን በሁለት እጁ መታው። «አጥፉት። ማግኔቱ ነው። ማግኔቱ ነው የያዘው።»

ኦዚዮማ በጫማዋ ተረከዝ ግድግዳውን ደጋግማ መታች። ውጭ ያለው ሞተር ፀጥ አለ። ክፍሉ ጨለመ። በሩ ማንም ሳይነካው ገርበብ አለ፣ ከኮሪደሩም ንጹሕ አየር ገባ።

«ቱቦውን ቀድሜ በጭቃ አስደፍኜዋለሁ» አለች፣ ደፉ ላይ ቆማ ያን አየር እየሳበች። «ጭስ አልነበረም። ጭስ እንደሚገባ የፈራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ባሴይ ካቴናውን ከኮሲሶ ፈትቶ ወደ አሪንዜ ሄደ። ኮሲሶ እጁን እያሻሸ እህቱን አቀፋት፤ እሷ ግን አላቀፈችውም። ዓይኗን ከአሪንዜ ላይ አልነቀለችም።

«ያን ሁሉ ጊዜ ከግድግዳው ጀርባ ነበርክ?» አለችው።

«ነበርኩ።»

«ሰምተኸዋል?»

አሪንዜ መሬት መሬቱን አየ። «በቱቦው ይመጣ ነበር ድምፁ። ኮሲሶን አልጠራም። እኔን ነው የጠራው። "አሪንዜ፣ ወንድሜ፣ ና ክፈትልኝ" አለኝ። በሩን ማን ሊከፍትለት እንደሚችል ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከፈትክም?»



«ወንድሜ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር» አለ። «ዳግመኛ እስኪጠራኝ ጠበቅሁ።»