ሰማያዊው ዱባ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላለ ቤተሰቡ ሁሉ «ፍንጭት» ይላታል። እሷም ስሙን ትወደዋለች፤ በዚያች ክፍተት እንደ ባቡር ማፏጨት ትችላለችና። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት አለው። የአያቷ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። ከዚያ ሆነው ወደ ታች ሲያዩ የአትክልት ገበያው ወለል ብሎ ይታያቸዋል።

ወቅቱ የመጸው ማብቂያ ነበር። የመንገዱ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል። ብርዱ መግባት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈን ፍንጭት በጣቷ ባቡር ትስልበታለች፤ አያቷ ድሮ የባቡር ሾፌር ነበሩ።

ያን ሰሞን አያቷ ታመው ነበር። ሳንባቸውን ብርድ መቷቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተዋል። ቤት ከገቡ በኋላ ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሳሉም ቀነሰ። ምግብ ግን እምቢ አላቸው። ሾርባ ሲቀርብላቸው አንድ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል።

«አባዬ፣ እባክህ ትንሽ ጨምርበት» ትላቸዋለች እናቷ።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ የምቀምሰው ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይለኛል።»

ሐኪሙም መጥቶ አያቸው። «መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። አሁን የሚቀረው ምግብ ነው። ካልበሉ ግን ሰኞ መልሰን እናስተኛቸዋለን» አለ። እናቷ በሩ ድረስ ሸኘችውና ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አያቷ በመስኮቱ ገበያውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ዞር አሉ።

«ዱባ ቢገኝ እበላ ነበር» አሉ። «ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ፣ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ዱባ። ወቅቱ እኮ ነው።»

እናቷ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ወደ ሥራ ልትወጣ እየተጣደፈች ነበር። ፍንጭትን ወደ በሩ ጠራቻትና የዱባውን መግዣ አስያዘቻት።

«ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አትክልት ሻጯ እማማ ዘንድ ሂጂ። ዱባውን አንቺ ምረጪ። የአባባን እራት አደራ ብዬሻለሁ» አለቻት።

«እሺ እማዬ» አለች ፍንጭት። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አደራ ተብላ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ኩራት ኩራት አላት።

አትክልት ሻጯ ትልቅ ፎጣ የተከናነቡ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ያጠለቁ አሮጊት ናቸው። ፍንጭት የመጣችበትን ስትነግራቸው ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ለታመመ ሰው ነዋ። እንግዲያው ዝም ብሎ አይነሣም» አሉ። «መጀመሪያ ጭራውን እዪ። እንደ እንጨት የደረቀ ይሁን። አሁን በጥፍርሽ ጫን በዪው። ልጡ ካልተበሳልሽ በስሏል ማለት ነው። ቀጥሎ አንሺው። ከመጠኑ በላይ ከከበደሽ ደግሞ እሰየው። መጨረሻ ላይ አንኳኪው።»

ፍንጭት አንኳኳች። ዱባው እንደ ወፍራም በር ድው አለ።

«ቤቶች» አለች ፍንጭት ጆሮዋን አስጠግታ። እማማ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

አምስት ዱባ አንኳኩታ ስድስተኛውን መረጠች። ጎርበጥባጣ ነው። መልኩ ከአረንጓዴም ከግራጫም ያልሆነ፣ መሬት ላይ በተኛበት በኩል ደግሞ አንድ ጉንጩ ብጫ ነው። አያምርም፤ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

«ዓይን አለሽ። ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ነው የሚሆነው» አሏት እማማ።

ዱባው በእጅ ይዞ ለመሄድ አስቸገራት። ስለዚህ በአንገት ልብሷ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቀፈችው። በመንገዱ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አዩአት።

«እናትሽ ወለደች እንዴ?» አለ አንዱ።

«ስሙን ማን አላችሁት?» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቁ።

የፍንጭት ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ጠዋት የነበረው ኩራቷ የት እንደገባ እንጃ። ሕንፃው በር ላይ ስትደርስ ደግሞ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷን አገኘች። ይህች ልጅ ፀጉሯ ላይ ሪባን ስለማይጠፋ ሁሉም ሰው ሪባን ይላታል። በእጇ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዛለች። ሳጥኑ ውስጥ ቀያይ፣ የሚያብረቀርቅ እንጆሪ ተደርድሯል።

«አጎቴ ከትልቁ መደብር ነው ያመጣልኝ» አለች ሪባን። «በዚህ ብርድ እንጆሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፍንጭት አይታ አታውቅም። ምራቋን ዋጠች።

«ዱባሽን ስጪኝና ከነሳጥኑ ልስጥሽ» አለች ሪባን። «እኔ ቀለም ልቀባው ነው የፈለግሁት። ትምህርት ቤት የሥዕል ኤግዚቢሽን አለን።»

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ፍንጭትም ልቧ «የአባባ እራት እኮ ነው» ብሏት ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። «አባባ ዱባ ያሉት እንጆሪ እንዳለ ስላላወቁ ነው። ይሄንማ ቢያዩ ይበልጥ ይደሰታሉ» አለች በሆዷ። አያችሁ፣ እንጆሪውን የፈለገችው ራሷ ናት፤ ለአያቷ የፈለገች እያስመሰለች ግን ራሷን አታለለች። ዱባውን ሰጥታ ሳጥኑን ተቀበለች።

ደረጃው ላይ «አንድ ብቻ ልቅመስ» አለች። ቀመሰች። ውሃ ውሃ ይላል። «ይሄኛው ይሆናል እንጂ» ብላ ሌላ አነሣች። ውስጡ ነጭ ነው፤ ይጎመዝዛል። ጣፋጩን ፍለጋ እየቀመሰች እየቀመሰች ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ሦስት ፍሬ ሆነ። ሦስት ፍሬ ለታመመ ሰው እንዴት ይሰጣል? እነሱንም ዋጠቻቸውና ሳጥኑን አልጋዋ ሥር ወሸቀችው።

ማታ እናቷ ከሥራ ገባች። ኮቷን ሳታወልቅ «ዱባውስ?» አለች።

የፍንጭት አፍ ከልቧ ቀድሞ መለሰ። «አልቋል። እማማ ጋ አንድም የለም።»

እናቷ ኮቷን ሰቀለችና ድንች መላጥ ጀመረች።

አያቷ ከድንች ሾርባው ሁለት ማንኪያ ቀመሱ። ማንኪያውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «በቃ፣ ወቅቱ አልፎ ነው። ለከርሞ ከቆየሁ እበላለሁ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የፍንጭትን ራስ ዳሰሱ። «አንቺም በዚህ ብርድ ተንከራተትሽልኝ። ተባረኪ የኔ ልጅ።»

ልጆች፣ ምርቃት ያቃጥላል? ፍንጭትን ግን አቃጠላት። እናቷ ከማዕድ በኋላ ስትጸልይ ፍንጭት አሜን ማለት አቃታት። «ለከርሞ ከቆየሁ» ያሉትን ነው የምታስበው።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን እንደታጠበች እየሮጠች ወደ ሪባን ቤት ወረደች። «ዱባውን መልሽልኝ። በሌላ ነገር እክስሻለሁ» አለቻት።

«ውሰጂው» አለች ሪባን ቅር ሳይላት። «ግን ገና አልደረቀም።»

ዱባው በጋዜጣ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከላይ እስከ ታች በዘይት ቀለም ሰማያዊ ተቀብቷል። ሁለት ክብ ዓይኖችና ጥርሱ መሃል ክፍተት ያለው ትልቅ አፍ ተስሎለታል። ፍንጭት አየችው፤ እሱም አያት። እንዲህ ያለውን ዱባ ማን ይበላል?

ወደ ገበያው ሮጠች። «እማማ፣ ዱባ አለ?»

«አልቋል የኔ ልጅ። የመጨረሻውን ትናንት ማታ አንድ ባለምግብ ቤት ጠራርጎ ወሰደው።»

ትናንት የተናገረችው ውሸት ዛሬ እውነት ሆኖ ጠበቃት። ፍንጭት እዚያው ካሮት መደርደሪያው አጠገብ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። እማማ አልተቆጧትም፤ አላባበሏትምም። በፎጣቸው ጫፍ አፍንጫዋን ጠረጉላት።

«ይሄን መንገር ያለብሽ ለእኔ አይደለም» አሏት። «ሂጂና ለሚመለከተው ንገሪ።»

እነዚያ ደረጃዎች እንደዚያን ቀን ረዝመው አያውቁም። ሁለት ጊዜ ቆመች። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ እናቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ አያቷም ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፍንጭት አልጋው አጠገብ ቆመችና እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች።

«አባባ፣ ዱባ አላለቀም ነበር። መርጬ ገዝቼልዎት ነበር። ከዚያ በእንጆሪ ለወጥሁት። እንጆሪውን ደግሞ ለብቻዬ በላሁት። እማዬንም ዋሸኋት።»

የካውያው ድምፅ ቆመ።

«ዱባው አሁን የት ነው?» አሉ አያቷ።

«ሰማያዊ ሆኗል።»

«ምን ሆኗል?»

«ሰማያዊ። በዘይት ቀለም ነው። አፍም ተሠርቶለታል። ጥርሱ እንደኔ ፍንጭት ነው።»

አያቷ ከንፈራቸውን ነከሱ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍንጭት የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። አያቷ ግን እየሳቁ ነበር። ሳቁ፣ አሳላቸው፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ።

«ትናንት ተባረኪ ስልሽ ምን ተሰማሽ?»

«አቃጠለኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ማቃጠሉ ደግ ነው። ባያቃጥልሽ ነበር የምፈራልሽ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አለች እናቷ። «ዓይን ዓይኔን እያየሽ መዋሸትሽን ግን አልወደድሁትም። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።»

«አይለምደኝም እማዬ።»

«ደግሞ ገበያው ውስጥ ያለው ዱባ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ አያቷ። «ስስቅ ሆዴ ባዶ መሆኑ ታወቀኝ። ሂጂና ወቅቱ ካመጣው ሁሉ ደህና ደህናውን መርጠሽ አምጪልኝ። አንቺ በእጅሽ የመረጥሽውን እቀምሳለሁ።»

እናቷ ዘንቢልና ገንዘብ አስያዘቻት። ፍንጭት ወደ ገበያው ስትመለስ እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣመሩ። «ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ራስሽ ምረጪ» አሉ።

ፍንጭት ጊዜ ወስዳ ዞረች። ወፍራሙን ካሮት አነሣችና ተወችው፤ መሃሉ እንጨት እንደሚሆን እናቷ ስትናገር ሰምታለች። ቀጠን ያሉትንና ጠንካሮቹን ለቀመች። ቀይ ሥሩን በቅጠሉ መረጠች፤ ቅጠሉ ያልጠወለገውን። ስኳር ድንቹን ጫፍና ጫፉን ጫን ጫን እያለች ያልተጨማደደውን መርጣ አወጣች። ሮማኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንዱ ክብ፣ ለስላሳ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ነው። ሌላው ጎኑ ጎባጣ፣ ልጡም ሻካራ ነው። ዓይኗ ወደ ቀዩ ሄደ። ሁለቱን በሁለት እጇ አንሥታ መዘነቻቸው። ሻካራው ይከብዳል። ሻካራውን ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። እማማ ቃላቸውን ጠብቀው አልተናገሩም፤ ግን ጓንታቸውን አውልቀው ከመንደሪኑ ክምር አንድ አነሡና መረቁላት።

ቤት ስትገባ ፍንጭት አጠበች፣ ላጠች፣ እናቷ ከተፈች። ዘይትና ጨው ነካ ነካ አድርገውት ምድጃ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የስኳር ድንቹ ሽታ ከወጥ ቤቱ አልፎ እስከ ደረጃው ወጣ። የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ተሸፈነ።

አያቷ ቀይ ሥሩን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ አፈር አፈር ይላል፤ ለእናንተ ይሁን» አሉ። ከካሮቱ ሦስት ቁራጭ በሉ። ስኳር ድንቹን ግን አንዴ ቀመሱት፣ ቆም አሉ፣ እንደገና ቀመሱት።

«ወረቀት ነው አባባ?» አለች ፍንጭት ትንፋሿን ይዛ።

«ይሄማ ምግብ ነው» አሉ አያቷ። ሳህናቸውን ጨረሱና «ሌላ አለ?» ብለው ጠየቁ። እናቷ ልትጨምርላቸው ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ በአንገት ልብሷ ዓይኗን ስትጠርግ ፍንጭት አየቻት።

ከምግብ በኋላ ሮማኑን ከፈሉት። ውስጡ ፍሬ በፍሬ ሆኖ ግጥም ብሏል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጎድጓዳ ሳህን መሃላቸው አስቀምጠው ሲፈለፍሉና ሲበሉ፣ ሲበሉና ሲፈለፍሉ ጣታቸው ቀላ። ፍንጭት ጥቂት ፍሬ በሲኒ አድርጋ ለሪባንም ወሰደችላት።

ሰኞ ሐኪሙ መጣ። አያቷ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመንደሪን ጋር ሲታገሉ አገኛቸው። ደረታቸውን አዳመጠ፤ ምላሳቸውን አየ። «ሆስፒታሉ ይቅር። እዚሁ የያዛችሁትን ቀጥሉ» አለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አደራ ሲሰጠን እንጠብቅ፤ ካጠፋንም ሳንውል ሳናድር እውነቱን ተናግረን ይቅርታ እንጠይቅ።