በዶክተሩ ስም የገባው መስመር

ኢንስፔክተር ሓዱሽ ዓይደር አካባቢ ወዳለው የግል ክሊኒክ ሲደርስ የባለቤቱ የአቶ ሃይለማርያም አስከሬን አንሶላ ለብሶ ነበር። ነርሷ ሳምሪም በፖሊስ ተይዛለች። አለቃው በስልክ የነገሩት አጭር ነው፤ መርፌውን የወጋችው እሷ ናት፣ ነገ ፍርድ ቤት ትቅረብ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሓዱሽ ንዴቱን ዋጥ አደረገ። ልጅቷ የሚጠባ ሕፃን አላት፤ አንዴ ወህኒ ከወረደች ደግሞ ለማስወጣት የሚቸኩል አይኖርም።

ሟቹ ታመው የተኙት በገዛ ክሊኒካቸው ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው በዚያ ክፍል የሚያስታምሟቸው ሁሉ ያውቃሉ። የተወጉት ግን እሱኑ ነው።

«እኔ አላዘዝኩም!» ብሎ ጮኸ ሐኪማቸው ዶክተር ሽመልስ ሀብቴ።

«የሐኪም ትዕዛዝ ለነርሶች የሚያስተላልፈው ማሽን፣ ኮምፒውተሩ፣ በእርስዎ ስም ነው የመዘገበው።»

«እንግዲያው ማሽኑን እሰሩታ!»

ሳምሪ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ከማዋለጃ ክፍል ለአንድ ቀን ብለው ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያመጡኝ። ባለቤታችን መሆናቸውን እንጂ ስለ ሕመማቸው የማውቀው የለም። ትዕዛዙ በስክሪኑ መጣ፣ ወጋሁ።»

«ኣጆኺ ሓፍተይ፣ አይዞሽ እህቴ። ለየት ያለ ነገር አላየሽም?»

«ማሽኑ ዶክተሩን ሁልጊዜ በአባታቸው ስም ነው የሚጠራቸው። ‹ዶክተር ሀብቴ አዘዙ› እያልን እንስቃለን። የዚያን ቀን ግን ‹ዶክተር ሽመልስ› አለ። በመጨረሻ አስተካከሉት ብዬ ደስ አለኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረተንሳኤ በበኩላቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «እኔን ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘኝ፣ ወደይ፣ ልጄ? ፕሮግራሙን የሠራውን ዮሃንስን ጠይቀው።»

ዮሃንስ የሚሠራው ዓዲ ሓቂ፣ ተማሪዎች በሚከራዩበት ግቢ ነው። ሓዱሽ ሮማናት አደባባይ ላይ በታክሲ ታፍኖ ቆይቶ፣ ያገኘውን ሁሉ እየረገመ ደረሰ።

«መልእክት ሁሉ ራስጌ አለው» አለ ዮሃንስ ላፕቶፑን ከፍቶ። «ከማን እንደመጣ የሚናገር፣ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ። ይህን ክፍል እኔ አልጻፍኩትም፤ ፈረንጆች ጽፈው የለቀቁትን ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ ፕሮግራም፣ ነው የተጠቀምኩት። ላይብረሪው ራስጌው ውስጥ የሚገባውን ጽሑፍ መፈተሽ ነበረበት፤ አይፈትሽም። አንድ ሰው የሕመምተኛ ስም በሚሞላበት ቦታ ሌላ መስመር ቢጨምር፣ ማሽኑ ያንን የራሱ ቃል አድርጎ ይወስደዋል። ይኸው፣ ‹ከዶክተር ሽመልስ› የሚለው በሰው እጅ የተጨመረ ነው።»

«እውነተኛው ትዕዛዝስ?»

«ሁሌም ‹ሀብቴ› ነው። ላይብረሪው እንደ ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው።»

ሓዱሽ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ቀዳዳውን እያወቅህ ዝም አልህ?»

«ኧረ ተናግሬያለሁ! ማስተካከያውንም አውርጄዋለሁ። መስመሩ እንዴት እንደሚጨመር ለአቶ ገብረተንሳኤ በገዛ ኮምፒውተራቸው አሳየኋቸው። ‹ሥራ አይቆምም፤ ስማችን ይጠፋልና ለማንም እንዳትናገር› አሉኝ።»

«ለሌላስ ነገርህ?»

«ለማንም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሓዱሽ ሳምሪን ጨምሮ አራቱንም በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሰበሰባቸው።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ማሽኑ የዶክተሩን ትዕዛዝ ሲያስተላልፍ ማን ብሎ ይጠራቸዋል?»

«ሀብቴ» አለች ሳምሪ። ዮሃንስም ሀብቴ አለ። ዶክተሩ ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ነርሶቹ ሀብቴ እያሉ ይቀልዱብኛል» አለ።

«ሽመልስ ነዋ!» አሉ አቶ ገብረተንሳኤ። «እዚህ አገር ሰው በአባቱ ስም ይጠራል እንዴ?»

«አይጠራም። እርስዎም ይህን ብለው ነው የተሳሳቱት።» ሓዱሽ ወደ እሳቸው ዞረ። «ዶክተሩ አዘው ቢሆን ማሽኑ ራሱ ‹ሀብቴ› ይል ነበር፤ ቀዳዳ ምን ይሠራላቸዋል? ሳምሪ ወይ ዮሃንስ አስመስለው ቢሆን ‹ሀብቴ› ብለው ያስመስሉ ነበር፤ ያውቁታላ። ይህን የሠራው ቀዳዳውን የሚያውቅ፣ ትዕዛዝ ግን አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው። ቀዳዳውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ አንዱ ዮሃንስ ነው። ስለ ሕመማቸው የማታውቅ ነርስ ያመጡባቸውስ ማን ናቸው?»

አቶ ገብረተንሳኤ ለመቆጣት ብድግ አሉ። ወዲያው ግን መልሰው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ።

«ይህን ክሊኒክ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከአልጋው ሲነሳ ሊያባርረኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ወሰዷቸው። ሓዱሽ ግን ደስታ አልተሰማውም፤ በአንድ ጠዋት ሥራ ሊደፈን በሚችል ቀዳዳ ሰው መሞቱ አንገበገበው።

«ተወዲኡ ሓፍተይ፣ አበቃ። ነፃ ነሽ፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ።»

ሳምሪ አልተንቀሳቀሰችም። «የወጋሁት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ዮሃንስ ዞረች። «አሁንስ? ተስተካክሏል?»

ዮሃንስ አንገቱን ደፋ። «ፈቃድ የሚሰጠኝ አጣሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲሉ፣ እናንተ ጭራሽ አልጮኻችሁም!» ሓዱሽ አምባረቀ።

ሳምሪ ማንንም አልጠበቀችም። ኮምፒውተሩ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄዳ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው፤ ስክሪኑ ጠፋ።

«ዶክተር» አለች፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሚያዙኝ ነገር ካለ፣ መጥተው ፊቴ ቆመው ይንገሩኝ።»